ልብሷን ያወለቅኩላት የቃጫ አሻንጉሊት

ቤቴ ውስጥ አንድ ቢጫ ጀሪካን አለ። አናቱ በጋለ ቢላ ተቆርጧል፤ ጠርዙ የልጅ እጅ እንዳይጎዳ በአሮጌ መጋረጃ ቁራጭ ዙሪያውን ሸፍኜዋለሁ። ያየው ሰው ሁሉ "ለውሃ አይሆን፣ ለእህል አይሆን፣ ምን ያደርግልሻል?" ይለኛል። የመጫወቻዎች ቤት ነበር።

የታናሽ እህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ወልቂጤ ስትመጣ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር። እህቴ አዲስ አበባ ሥራ ልትሞክር ስትሄድ "እትዬ፣ እስክደላደል ብቻ" ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ልጅ አልወለድኩም። "እስክደላደል" ስንት ዓመት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ እንዳትደላደል ሳልመኝ አልቀረሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የሱቅ መጫወቻ አልነበረንም። ባዶ የዘይት ፕላስቲክ ጎኑን ቀድጄ፣ አራት ቆርኪ በሽቦ አያይዤ መኪና ሠራሁላት። ጥንዱ የጠፋ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ ኳስ አደረግሁ። የጭቃ ድስቶቹን ራሷ ነበረች የምታበጀው። ሲመሽ "ሁሉም ወደ ቤቱ!" ስላት አንድ በአንድ ጀሪካኑ ውስጥ ታስገባቸዋለች። ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቀድደን ከላይ እናለብሳቸዋለን፤ "ብርድ እንዳይመታቸው" ትላለች፣ የትልቅ ሰው ድምፅ አውጥታ።

አሻንጉሊቷ ግን ጀሪካን ውስጥ አድራ አታውቅም። እንሰት ሲፋቅ ከሚተርፈው ቃጫ አንድ ጭብጥ አጥፌ፣ አንገቷን በክር አስሬ፣ ፊቷን ነጭ ጨርቅ አልብሼ፣ በጥቁር ክር ዓይን የጠለፍኩላት ናት። ቀሚሷ ከእኔ አሮጌ ቀሚስ የተረፈ ነው። ልጅቷ ጉያዋ ከትታት ትተኛለች። አሻንጉሊቷ የልጅቷ የወተት፣ የላብ፣ የእንቅልፍ ሽታ ነበራት።

ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሞላት እህቴ ደወለች።

"እትዬ፣ ተደላደልኩ። ለመስቀል መጥቼ ይዣት እመለሳለሁ። ትምህርት ቤትም አስመዝግቤያታለሁ።"

"ደግ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እናት ናት። እኛ አገር የሄደው ሁሉ በመስቀል ይመለሳል፤ መስቀል ሰው ይዞ ሲሄድ ያን ጊዜ አየሁ።

አንድ ነገር ግን በልቤ ቆረጥኩ። አሻንጉሊቷ አብራት ትሄዳለች። በማታውቀው ቤት፣ በማታውቀው አልጋ ላይ፣ የእኔ እጅ የሠራት፣ የእኔን ቤት የምትሸት አንዲት ነገር ጉያዋ ትኖራለች። እንዳትረሳኝ።

ለመስቀል ቤት እንዴት እንደሚጸዳ የእኛን አገር ሴት ጠይቁ። ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ወለሉ ይለቀለቃል፣ ድስቱ የዓመት ጥላሸቱን ያራግፋል። ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ለአረፋ እኔ እሄድላታለሁ፣ ለመስቀል እሷ ትመጣልኛለች። የዚያን ቀንም መጣች። ልጅቷ ከእሷ ልጆች ጋር ደጅ ስትጫወት፣ እኔ አሻንጉሊቷ ለመንገድ አምሮባት ትሂድ ብዬ ቀሚሷንና የፊቷን ጨርቅ አውልቄ አጠብኩ። ቃጫውን ፀሐይ እንዲመታው ድንጋይ ላይ ትቼ፣ ልብሱን ላሰጣ ወደ ገመዱ ዞርኩ።

ስመለስ ጎረቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ ትልቁን ድስት በአመድ ትፈትጋለች። እጇ ላይ ያለውን አየሁት።

"በምንድን ነው የምታጥቢው?"

"በቃጫ ነዋ! እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃጫ እያለሽ ትደብቂኛለሽ? አንቺ ስስታም!" ብላ ሳቀች።

ዓይኔ ወደ ገመዱ ሲሄድ ሳቋን አቋረጠች። ገመዱ ላይ የተሰጣችውን የጣት ስፋት ቀሚስ አየች።

"ያ አላህ! የልጅቷ ናት እንዴ? ወላሂ ቃጫ መስሎኝ ነው!"

ቃጫ ነበረች እኮ። ልብሷን ገፍፌ ቃጫ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ እሷን ምን ልበላት?

አለቅልቃ ሰጠችኝ። ጠቁራለች፣ ተበጣጥሳለች፣ የአንገቷ ክር ጠፍቷል። ወዲያው ሌላ ቃጫ አምጥቼ አዲስ ሠራሁ። ያው ቀሚስ፣ ያው ዓይን። ልጅቷ ተቀብላ ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት፣ አሸተተቻት።

"ይቺ ማናት?"

"ያንቺዋ ናት፣ ታጥባ ነው" ብዬ ዋሸሁ።

"አይደለችም። ይቺ አታውቀኝም።" ሄዳ ጀሪካኑ ውስጥ ከመኪናው ጋር አስቀመጠቻትና ቅጠሉን ከላይ አለበሰቻት።

በማግስቱ እህቴ መጣች፣ ሻንጣዋን ከረሜላ ሞልታ። እጇን ዘርግታ "ነይ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ነኝ!" ስትላት ልጅቷ ቀሚሴ ኋላ ተደበቀች።

"እማ፣" አለችኝ፣ እኔን ነው እማ የምትለው፣ "እማ፣ ይቺም አታውቀኝም።"

እህቴ ሰምታለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

"ልተዋት እንዴ እትዬ? አንቺ በይኝና ልተዋት።"

እንዲህ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈጽሞ አላሰብኩም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። አፌም ሊያወጣው ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ልጅ ከእናቷ ተሸሽጋ አትኖርም፤ ከእኔ ጋር ብትቀርም እያደገች "እናቴ ለምን ተወችኝ?" ብላ የምትጠይቀው እኔኑ ነው። ሄድኩና ጀሪካኑን ከፍቼ አዲሷን አሻንጉሊት አወጣኋት። እህቴ እጅ ላይ አስቀመጥኳት።

"ጉያሽ አድርጊያት። አብራሽ ትዋል፣ አብራሽ ትደር" አልኳት።

እህቴ ለምን ሳትለኝ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። በዓሉን ሁሉ እንደዚያ ሆና ክትፎ በላች፣ ዘመድ ጠየቀች፣ ተኛች። ዘመዶቻችን "ይቺ ልጅ አዲስ አበባ ገብታ አበደች እንዴ?" እያሉ ሳቁባት። ልጅቷ በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ኋላ ከቅርብ ታያት ነበር።

የሄዱ ቀን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ልጅቷ እጇን ወደ እናቷ ደረት ሰዳ አሻንጉሊቷን አወጣች። ረጅም ጊዜ አሸተተቻት።

"ትንሽ ትንሽ ታውቀኛለች" አለችና ወደ ራሷ ጉያ ወስዳት እናቷ ጭን ላይ ወጣች።

የእኔን ሽታ ይዛ ትሂድ ብዬ ነበር። የእናቷን ይዛ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። "አክስቴ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ፣ እንደሚገባው። ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራኝ ቆየች፤ ስለ ጀሪካኑ አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሳሁባት።

ጎረቤቴ ያለቀለቀችው ጥቁር ቃጫ እዚያው ጀሪካኑ ውስጥ ነው፣ ከመኪናውና ከኳሱ ጋር። ላዩ ላይ ያለው ቅጠል ሲደርቅ፣ ከጓሮ ሌላ እቀድና እቀይረዋለሁ።