አንድ ቆርኪ

ሳቱርኒኖን እኛ ሰፈር በስሙ የሚጠራው የለም። ወላጆቹ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ቀርቷል። ከገበያው በር አንስቶ አሸዋው ኮረብታ አናት ድረስ ባጃጅ የሚፈልግ ሁሉ «አንድ ቆርኪ! ና እስቲ አድርሰኝ» ነው የሚለው። እሱም ይመጣል፤ አይቆጣም። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ሲገኝ ደግሞ ዶሮ ጠባሹ ጄንሪ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ያወራለታል። ጄንሪ የሚያወራው ግን ስህተት ነው። ምን ያድርግ፣ እሱም የሚያውቀው ያንኑ ነው። እኔ እውነቱን ላውራችሁ። የቅናት ወሬ ነውና ታገሱኝ።

የዶን ኢሳኡሮ ኢንተርኔት ቤት ያኔ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ ስክሪናቸው እነዚያ ቦርጫሞቹ፣ አናታቸው ላይ ሳህን የሚያስቀምጡት። ከምሳ በኋላ፣ ሊማ በጉም ታፍና ተሳፋሪ ሲጠፋ፣ ሳቱርኒኖ ባጃጁን ደጃፉ ላይ ያቆምና ገብቶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ይሰየማል። ውጭ «አንተ ባጃጅ! ዞር በል ከዚህ!» የሚባል ሰው ነው። ውስጥ ግን ካፒቴን ነው። «ካፒቴን መጣ፣ ቦታ ልቀቁ!» ይባልለታል። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው በዚህ ዓለም ላይ ካፒቴን የተባለው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው።

የሚጫወቱት ጌም ዋሻ ገብቶ አውሬ ገድሎ ሀብት ይዞ መውጣት ነው። እያንዳንዱ የሚሆነውን ሰው ይመርጣል። ሳቱርኒኖ ሰይፈኛ ነበር፣ ጄንሪ ቀስተኛ። ሁለቱ ወንድማማች ጎሚስታዎች ጋሻ ይዘው ከፊት ይቆማሉ። የነርስ ተማሪዋ ዮሊ ደግሞ ከኋላ ሆና የቆሰለውን ታድናለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ተጫወቱ።

ከዚያ ሚስቱ መጣች።

ኔሪዳ ገበያ ውስጥ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ትሸጣለች። መሬት ላይ የወደቀ መርፌ አይታ የማታልፍ ሴት ናት። ከማግባቷ በፊት መናኸሪያ ውስጥ ለስላሳ ታዞር ስለነበር ጠርሙስ የምትከፍተው በመንጋጋዋ ነው፤ ቆርኪው ላይ የሁለት ጥርስ ጉድጓድ ይቀራል። ሳቱርኒኖ ሰው ፊት ስታደርገው ያፍራል።

«በናትሽ ቀጮ፣ መክፈቻ እኮ ባንኮኒው ላይ ታስሯል!» ይላታል።

«የኔ መንጋጋ፣ አንተን ምን አገባህ?» ትለዋለች።

እንግዲህ መጀመሪያ የቀናችው እሷ ናት። «ባልሽ ከሰዓቱን ከአንዲት ነርስ ጎን ነው የሚያሳልፈው» ብሎ ሹክ ያላት አልጠፋም። አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ መጣችና ከወንበሩ ኋላ ቆመች። «ይቺ ናት?» አለች። ዮሊ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ከላይ እስከታች አየቻትና «እሰይ፣ ደግ መጣሽ! አንድ ሰው ይጎድለናል፣ ተቀመጪ» አለቻት። ቅናትን እንዲህ አድርጎ የሚያበርድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሳቱርኒኖ ግን ጨነቀው። ሚስቱ በሰው ፊት ስትሞትበት፣ እሷን ሲጠብቅ እሱም ሲሞት ታየው። «ለቃሚ ሁኚ» አላት።

ለቃሚ ማለት ያ ማንም የማይመርጠው ነው። ሰይፍ አያነሳ፣ ቀስት አይስብ፤ ከቁመቱ የሚበልጥ ከረጢት ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ዶሮ ብትነክሰው ይሞታል።

«አንቺ አትዋጊም» አላት ሳቱርኒኖ። «ከኋላ ሆነሽ የወደቀ ነገር አንሺ፣ በቃ።»

«ገበያ ስውልስ ሌላ ምን ስሠራ ኖሬ?» አለችና ተቀመጠች።

ለቀመች። ኧረ እንዴት እንደለቀመች! እነሱ በሩጫ የሚያልፉትን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች፣ ሣሩን፣ አጥንቱን፣ የዛገ ሚስማሩን፣ ሳቱርኒኖ ከበደኝ ብሎ የወረወረውን አሮጌ ሰይፍ ሳይቀር ከረጢቷ ውስጥ አጨቀች። «ካፒቴን፣ ሚስትህ የቆሻሻ መኪና ሆናለች!» እያሉ ጎሚስታዎቹ ይስቃሉ። ሳቱርኒኖም አብሮ ይስቃል። ያን ጊዜ መሳቅ ቀላል ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ ነው። አንድ ባለ ሦስት ራስ እባብ ነበር፣ አሥራ አንድ ጊዜ ገብተው አሥራ አንድ ጊዜ የፈጃቸው። በአሥራ ሁለተኛው ሁለቱ ራሶች ወደቁ። የቤቱ ሰው ሁሉ የራሱን ጨዋታ ትቶ ከኋላቸው ተኮለኮለ። ሳቱርኒኖ በሦስተኛው ራስ ላይ ሰይፉን አነሳ፣ ሰይፉም እጁ ላይ ለሁለት ተሰበረ። እዚያ ጌም ውስጥ ብረትም ያረጃል፤ ሳቱርኒኖ ደግሞ ይመታል እንጂ ስለቱን አያይም።

«ሞትኩ! አለቀልን!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ፣ አትጩህ» አለች ኔሪዳ። «እጅህን ዘርጋ።»

በእባቡ ሆድ ሥር፣ ሽንኩርት ልትገዛ እንደወጣች ሴት ዝግ ብላ ተራመደች። እባቡ ዞሮም አላያትም፤ ለቃሚን የሚቆጥር አውሬ የለም። ያንን የተወረወረውን አሮጌ ሰይፍ አወጣችና አቀበለችው። ለካ ከሰኔ ጀምራ በዛገ ሚስማሯ ስትጠግነው፣ በሣሯ ዘይት ስትቀባው ኖራለች። ሳቱርኒኖ ሰነዘረ፣ ሦስተኛው ራስ ወደቀ፣ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ከእባቡ ኋላ ያለውን ሣጥን ጎሚስታዎቹ ቢመቱት፣ ጄንሪ ቢወጋው እምቢ አለ። ኔሪዳ ከረጢቷን ፈትሻ ከአንድ አጥንት ቁልፍ ቀረፀችና ቀጭ አድርጋ ከፈተችው።

«ኔሪ ባትኖር ዛሬም በልቶን ነበር!» አለች ዮሊ።

አስተዋላችሁ? ሦስቱንም ራስ የቆረጠው ሳቱርኒኖ ነው። «ካፒቴን» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ጄንሪ ደግሞ፣ አፈር ይብላና፣ እየሮጠ ወጥቶ በሥጋ የተሞላ የተጠበሰ ድንች ገዝቶ መጣ። አንድ ብቻ። ለኔሪዳ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሳቱርኒኖ አንጀት ይቃጠል ጀመር። ሲገባ «ኔሪስ? ኔሪ የለችም እንዴ?» ይሉታል፣ እሱ የሷ ሾፌር ይመስል። ጄንሪ ሲስቅ እጁ የሷ ወንበር መደገፊያ ላይ ያርፋል፤ ሳቱርኒኖ ያቺን እጅ ሲያይ የራሱ ስክሪን ይጠፋበታል። ሁለት ቅናት ባንድ ሆድ! አንዱ «ሚስቴን ሊነጥቀኝ ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ሚስቴ ቦታዬን ልትነጥቀኝ ነው» ይላል። የትኛው እንደሚብስ ቢጠየቅ እሱም አያውቀውም። አውሬው ፊት አንገቱን የሚሰጠው እሱ፣ የሚመሰገነው ሚስማር ለቃሚ!

«ጄንሪ ድንቹን ለምን ላንቺ ብቻ አመጣ?» አላት አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሹካውን አስቀምጦ።

«ስለራበኝ።»

«እኔስ? እኔን አይርበኝም?»

«አንተማ ኩራትህን በልተህ ጠግበህ ነበር።»

ቀልዷ ነው። እሱ ግን ሦስት ቀን አላናገራትም።

በመስከረም፣ መሐል ከተማ ላይ ትልቅ ውድድር እንዳለ ተሰማ። ከየሰፈሩ ቡድን ይገባል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስሙ ከጀርባው የተጠለፈበት ጃኬት ይሰጣል፣ ቀይ ጃኬት። የሚገባው ግን አምስት ሰው ብቻ ነው፣ እነሱ ደግሞ ስድስት። ቀስተኛ፣ ጋሻ ያዦችና ፈዋሽ መቅረት አይችሉም። ማን እንደሚቀር ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረም፤ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። ሳቱርኒኖ ዝምታውን አልቻለውም።

«ምን ትሸፋፍናላችሁ? ወይ እኔ ነኝ ወይ ለቃሚዋ! ቆርኪ ይፍረድ!»

የዶን ኢሳኡሮ ቤት ደንብ ነው። ክርክር ሲከር ሁሉም አንድ አንድ ለስላሳ ይጠጣና ቆርኪውን ይይዛል፤ ከዚያ ሁሉም ውጭ ይቆምና አንድ በአንድ እየገባ «ያለሱ አይሆንም» የሚለው ሰው ስክሪን አናት ላይ ቆርኪውን ያስቀምጣል። በራሱ ላይ ቢያስቀምጥም ከልካይ የለውም። ዶን ኢሳኡሮ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው በር ላይ ይቆማሉ። ማን የት እንዳስቀመጠ አይጠየቅም።

«ሳቱ፣ ተው» አለች ኔሪዳ ቀስ ብላ።

«ምኑን ነው የምተወው? ፈራሽ እንዴ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ጠርሙሷን አነሳችና በመንጋጋዋ ቀጭ አድርጋ ከፈተች።

በተራ ገቡ። መጀመሪያ ዮሊ፣ ከዚያ ጎሚስታዎቹ፣ ከዚያ ጄንሪ፤ ጄንሪ ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ሳቱርኒኖም ፈገግታውን ቆጥሮ ያዘ። ኔሪዳ ገባችና ወዲያው ወጣች። መጨረሻ የገባው እሱ ነው።

ገብቶ ሲያይ በሷ ስክሪን አናት ላይ አራት ቆርኪ። በሱ ላይ አንድ።

የሦስት ዓመት ካፒቴን፣ አንድ! ጃኬቱ ታየው፤ ከጀርባው «ኔሪዳ» ተጽፎበት፣ ጄንሪ አጠገብ ተቀምጦ። ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ የዶን ኢሳኡሮ ሰፊ ጀርባ ብቻ። ሁለቱን ወደዚህ ባዛውር ሦስት ለሁለት፣ የኔን ስጨምር አራት ለሁለት አለ። ወዲያው እጁን ሰዶ ሁለት ቆርኪ አነሳ። ከማዛወሩ በፊት ግን ቅናቱ ሌላ ነገር አሳሰበው። የሷን ልይ አለ። ለራሷ መጣሏን በዓይኔ ልየው፣ ቤት ስንገባ ፊቷ ላይ እወረውረዋለሁ። እጁ ላይ ያሉትን ሁለቱን ገለበጠ፣ ጥርስ አልነካቸውም። ስክሪኑ ላይ የቀሩትን ገለበጠ፤ እነሱም የጥርስ ምልክት የላቸውም።

ከዚያ ወደ ራሱ ስክሪን ዞረ። ያቺን አንዷን አነሳት። ሁለት ጉድጓድ አላት፣ የመንጋጋ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ እሱም አያውቅም። ዶን ኢሳኡሮ ሳይዞሩ «ሳቱርኒኖ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» ሲሉት ነው የነቃው። ያነሳቸውን ወደየቦታቸው መለሰ። ጥርስ ያለባትንም በራሱ ስክሪን ላይ እንደነበረች አስቀመጠ። የራሱን ቆርኪ በሚስቱ ላይ ጣለና ወጣ።

ሁሉም ገቡ። ዶን ኢሳኡሮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ በጣታቸው ቆጠሩ። «ኔሪዳ አምስት። ሳቱርኒኖ... አንድ።» ቆርኪዎቹን በመዳፋቸው ጠራርገው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፉ።

ከዚያ ጄንሪ ፈነዳ።

«ካፒቴን! ለራስህ ነው እንዴ የጣልከው? ኧረ ጉድ! ሚስትህ እንኳ አልመረጠችህም! አንድ ቆርኪ!»

«አንድ ቆርኪ! አንድ ቆርኪ!» ጎሚስታዎቹ ጠረጴዛ እየመቱ ተቀበሉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ኔሪዳ ፊቷ ቀላ። «እረፉ እስቲ! እሱ አይደለም፣ ያቺን እኮ...»

ሳቱርኒኖ ሚስቱን ያውቃታል። ያቺን የጣልኳት እኔ ነኝ ካለች ቀጥላ «ያለሱ አልሄድም» ማለቷ አይቀርም። ከአፏ ነጠቃት።

«እኔ ነኝ!» አለ። «ምን ታካብዳላችሁ? አዎ፣ ለራሴ ጣልኩ። ነገም እጥላለሁ!»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። ኔሪዳ አልሳቀችም። የለቃሚ ዓይን ነው ያላት፣ የወደቀ ነገር አያመልጣትም። ለራሷ አልጣለችም፤ ከሷና ከሱ ሌላ ደግሞ አራት ሰው ነው ያለው። አምስተኛው የማን እንደሆነ ስትረዳ አፏን በእጇ ያዘች። ባሏን አየችው፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ። ጎንበስ ያለው ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አንድ ነገር ሊለቅም ነበር።

ቅናቱ ለቀቀው? የት ይለቀዋል! የውድድሩ ቀን አምስቱን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያደረሳቸው እሱ ነው፤ በሁለት ዙር። ኔሪዳንና ዮሊን አስቀድሞ፣ ጄንሪን ከጎሚስታዎቹ መሐል አጣብቆ በሁለተኛው። አውቶቡሱ ሲነሳ ጄንሪ የት እንደተቀመጠ በመስኮት አይቶ ነው የተመለሰው። ሦስተኛ ወጡ። ኔሪዳ ቀዩን ጃኬት ለብሳ፣ ከየጠረጴዛው የተረፈ ብስኩትና አራት እስክሪብቶ በቦርሳዋ አጭቃ መጣች።

ባጃጁ ውስጥ ከመስታወቱ ሥር፣ በቁልፍ መስፊያ ክር የታሰረች አንዲት ቆርኪ ዛሬም ትወዛወዛለች። ጄንሪ በተሳፈረ ቁጥር በጣቱ እየነካ «አይ አንተ፣ ለራስህ የጣልካትን ሰቀልካት?» ብሎ ይስቅበታል። ሳቱርኒኖ «ምን ታደርገዋለህ» ይልና ይነዳል።