የአንድ ጠረጴዛ ባዳዎች

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃልሎ ሲያበቃ ድምሩ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ እዚህ የአሜሪካ የቁማር ከተማ በሆነችው ሪኖ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ሳስተምር ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ሳቀርብ ኖሬአለሁ፤ መልስ ነው ብዬ የምምልበት ነገር ግን እስካሁን የለኝም። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ከጠቢባኑ አንዱ ሳይሆን ጎረቤቴ ኦርቪል ቴንስሊ ነው።

ኦርቪል ከባቡር ጣቢያ ጭነት ክፍል በጡረታ የወጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ሚስቱ ኮራ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ሳቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ልጅ አልወለዱም። መተዳደሪያቸው ብላክጃክ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ነበር። ቁማርተኞች ግን አልነበሩም። ቁማርተኛ ዕድሉን ይጠብቃል፤ እነሱ ይቆጥሩ ነበር።

አቆጣጠሩን ኦርቪል ራሱ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ እንቁላልና ድንች እየጠበሰ አስተምሮኛል። ከሁለት እስከ ስድስት ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፤ ዐሥር፣ ንጉሥ ወይም አስ የመሰለ ትልቅ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ፤ የቀሩትን ትተዋቸዋለህ። ድምሩ ከፍ ካለ ለተጫዋቹ የሚበጁት ትልልቆቹ ገና አልወጡም ማለት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስይዙት ያኔ ነው። ይኸው ነው። ከባዱ መቁጠሩ ሳይሆን ሲቆጥሩ አለመታየቱ ነው፤ ከትንሽ ገንዘብ ወደ ትልቅ ድንገት የሚዘል ሰው ወዲያው ይነቃበትና ከቁማር ቤቱ ይባረራል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ኦርቪል የባቡር ቆቡን ደፍቶ ካርታ አዳዩ ፊት ይቀመጥና ትንሽ ትንሽ እያስያዘ ይቆጥራል። ኮራ የቴክሳስ ባለጸጋ መበለት ሆና፣ የውሸት ቀለበቶቿን ደርድራ፣ አዳራሹ ውስጥ ትንሸራሸራለች። ድምሩ ሲያድግ እሱ ቆቡን ያወልቃል፤ እሷ መጥታ ትቀመጥና ትልቁን ታስይዛለች።

እዚያ ባዳ ናቸው።

«ጌታዬ፣ ይህ ወንበር ሰው አለው?» ትለዋለች።

«ይቀመጡ እመቤቴ። ለእኔ እንኳ ዛሬ አልቀናኝም።»

«ፊትዎን አይቼ ጠርጥሬ ነበር!» ትልና አዳዩን ታስቀዋለች።

ቤት ሲገቡ ወሬው ሌላ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቆብህን እስክታወልቅ እግሬ ቀጠነ እኮ! ቁጥሩ ጠፍቶህ ነው አይደል?»

«አንቺ ነሽ ከዚያ ከብት ነጋዴ ጋር ስትሽኮረመሚ ያላየሽኝ።»

«ሰውየው እኮ ላግባሽ አለኝ፣ ፕሮፌሰር!» ትለኛለች ወደ እኔ ዞራ። «ይኼ ደግሞ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም።»

«እየቆጠርኩ ነበራ!»

እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳህን እያጠበች ሳለ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ኦርቪል፣ አንድ ጊዜ ክንድህን ይዤ በዋናው በር ብንገባስ? ዝም ብለን እራት ብንበላ። ባሌ መሆንህን ሰው ቢያይ» አለችው።

«ይደርሳል። ትንሽ እንሥራና» አላት።

ሕግ ነበራቸው፤ ያወጣችው ራሷ ኮራ ናት። ከሁለቱ አንዱ ቢያዝ ወይም ቢታመም ሌላው አያውቀውም። የጀመረውን ካርታው እስኪበወዝ ይጨርስና በሌላ በር ይወጣል።

በአንድ የመጋቢት ቀን ከሰዓት በኋላ ኦርቪል ቆቡን አወለቀ። ኮራ መጣች፣ ቀለደች፣ አስያዘች። ሁለተኛው ካርታ ሲደርሳት እጇ ጠረጴዛው ላይ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ በጎኗ ዘንበል ብላ ከወንበሩ ወደቀች። አዳዩ ጮኸ። ዘበኞች ሮጠው መጡ፤ አንዱ ኦርቪልን «አብራችሁ ናችሁ? ያውቋታል?» አለው።

«አላውቃትም» አለ ኦርቪል።

ተሸክመው ሲወስዷት ሌላው ተጫዋች ሁሉ ተነሥቶ ያይ ነበር። ኦርቪል ካርታ ተቀበለ። በኋላ ሲነግረኝ፣ «ቁጥሩ አልጠፋብኝም እኮ፣ ፕሮፌሰር» አለኝ። «የሚገድለኝ እሱ ነው። ቢጠፋብኝ ምን ነበረበት?»

ካርታው ሲበወዝ በሌላው በር ወጥቶ ሆስፒታል ደረሰ። እዚያ ግን የቁማር ቤቱ ሰዎች ያስመዘገቧት በሚያውቁት ስም ነበር፤ በቴክሳሷ መበለት ስም። ባሏ ነኝ ቢል ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አባባ፣ ሴትዮዋ እኮ ባሏ የሞተባት ናት» አለችው። ስልክ ደወለልኝ። የጋብቻ ወረቀታቸውን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ነበር። ነርሷ ወረቀቱን አየች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ በሩን ከፈተችለት። ኮራ አልጠበቀችውም።

ጥፋተኛ ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ሰው ብዙ ጊዜ የኖረበት ማስመሰል ቆዳው ይሆናል፤ ሲጨንቀው ልግፈፈው ቢል ከሥጋው ጋር ነው የሚመጣው። እሱ ግን እንዲህ ያለውን ፍልስፍናዬን አልፈለገውም። የፈለገው ፎቶግራፍ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ቤቱን ሙሉ አተራመሰው። የሰርጋቸውን ፎቶ ወንዙ የሞላ ዓመት ጎርፍ ወስዶታል። ቆጣሪ ደግሞ ፎቶ ይሸሻል፤ ቁማር ቤቶቹ የቆጣሪ ፊት እርስ በርስ ይለዋወጣሉና። ሁለቱን አብረው ያነሣቻቸው የቁማር ቤቱ የጣራ ካሜራ ብቻ ናት።

ኮቱን ለብሶ ወደ ቁማር ቤቱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። የጥበቃው ኃላፊ ስታኪ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር።

«ቆጣሪ ነኝ» አለው ኦርቪል፣ ገና ሳይቀመጥ። «የወደቀችው ሚስቴ ናት። ከካሴታችሁ ላይ አብረን ያለንበትን አንድ ፎቶ አውጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስታኪ ትክ ብሎ አየው። «ያ ምስኪን የባቡር ሠራተኛ? ስንቴ ቡና ጋብዤዎት!» ራሱን ነቀነቀ። «አዝናለሁ አባቴ። ካሴት ለውጭ ሰው አይሰጥም።»

ከዚያ ሥራውን ሠራ። «ዳግመኛ እዚህ ቤት ቢገቡ ይታሰራሉ» የሚለውን ቃል አነበበለት። ግድግዳ አስደግፎ፣ ወዲያው አጥቦ በሚያወጣ ካሜራ ፎቶ አነሣው፤ የተከለከሉ ሰዎች በሚለጠፉበት ትልቅ ጥራዝ ላይም ለጠፈው። ገጾቹን ሲገልጥ አየናቸው፤ አብረው የሚሠሩ ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ከኦርቪል አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

ኦርቪል ጣቱን ባዶው ላይ አሳረፈ። «እሺ፣ ለእኔ አትስጡኝ። እዚህ ጋ ለጥፏት።»

«የሞተ ሰው አንከለክልም፣ አባቴ» አለና ስታኪ ጥራዙን አጠፈው።

በሩ ጋ ስንደርስ ኦርቪል ዞረ። ስታኪ ስልክ አንሥቶ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ፎቶዋ ትንሽም ብትሆን ግድ የለም» አለው። «ከጎኔ ብቻ ትሁን። ስሟንም ኮራ ቴንስሊ ብለህ ጻፍልኝ።»