ከደንገል የሠራሁት የፓምፕ ማጥፊያ

በባሕር ዳር ኤሌክትሪክን ያለ አስተማሪ፣ የተቃጠለ ሞተር እየፈታ የተማረ ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም። ዲፕሎማ የያዙት ሲያቅታቸው የሚጠሩት እኔን ነበር።

በደርግ ዘመን የምሠራበት ፋብሪካ ከጣና በፓምፕ ውኃ ይስብ ነበር። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በየሳምንቱ ከሚደረገው የፖለቲካ ውይይት መቅረት ስለማይቻል፣ እሳቸው እዚያ ተቀምጠው ሳለ ውኃው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ፈሰሰ። ካድሬው፣ «ጓድ፣ ከእንግዲህ ከደገመዎት አሻጥር ነው፤ ይታሰራሉ» አላቸው።

ጉዳዩን በአንድ ቀን ፈታሁት። በጣና ዳር የሚበቅለውን፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እንደ ታንኳ አጥብቄ አሰርሁና ማጠራቀሚያው ውስጥ አንሳፈፍሁት። ውኃው ሲሞላ ደንገሉ ከፍ ብሎ ከላዩ ያቆምሁትን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ማጥፊያውን ይጫናል፤ ፓምፑ ይቆማል። አራት ቀን ያለ እንከን ሠራ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ማጠራቀሚያው አፉ ድረስ ሞልቶ አገኙት፤ ሮጠው ፓምፑን በእጃቸው አጠፉት።

«አንተ ሰው፣ ልታሳስረኝ ነው? ደንገልህ ውኃ ጠጥቶ ሰጥሟል! ታንኳ በየቀኑ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ እንደሚሰጥም የማታውቅ፣ የት አገር ነው ያደግኸው?»

«እኔ የተማርሁት መብራት ነው፣ አባቴ፤ ታንኳ አይደለም» አልኋቸው።

በዚያኑ ዕለት የባዶ ዘይት ቆርቆሮ አፍ በብየዳ ደፍኜ በደንገሉ ቦታ ተካሁ። በሚቀጥለው ውይይት ሰዓት ካድሬው ራሱ ሄዶ አየ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

በዚያ ሰሞን የፈጸምሁት ይህ ነው፦ ፓምፑ ያለ ሰው እጅ እንዲቆም አደረግሁ፤ የፋብሪካውን ግቢ ከጭቃ አዳንሁ፤ ሽማግሌውን ከእስር አተረፍሁ፤ ውይይቱም ላይ ያለ ሥጋት እንዲያንቀላፉ አስቻልኋቸው።