ዳሊያዎቹ የወደቁበት ዓርብ

አቡ ዳቢ፣ አል ሪም ደሴት በሚገኘው መሥሪያ ቤቴ መግቢያ ላይ አንድ ኦርኪድ ተቀምጧል። ግንዱን በቀጭን ዘንግ አቁመው፣ የልብስ መቆንጠጫ በሚመስል ፕላስቲክ ነክሰው ይዘውታል። ጠዋት ጠዋት በአጠገቡ ሳልፍ ያናድደኛል። የጥበቃ ሠራተኛው ባያየኝ ኖሮ እስካሁን ፈትቼ በጨርቅ አስሬው ነበር። አበባ እንዴት እንደሚደገፍ የተማርኩት ልጅ እያለሁ ነው፣ አል ዐይን በምትባለው የኤምሬትስ ከተማ፣ በእገዳው ዘመን።

የምንኖርበት ቪላ ለሦስት ቤተሰብ የተከፋፈለ ነበር፤ ለእኛ ጓሮ ያለው ክፍል ደረሰን። እናቴ እዚያው አል ዐይን ነርስ ነበረች። አባቴ አቡ ዳቢ በአንድ አየር መንገድ ቢሮ ይሠራና ሐሙስ ሲመሽ ይመጣል። ዓርብ ከአምልኮ በኋላ ደግሞ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘነቡ፣ ትመጣልናለች። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ባለ ቤት የአንዲት አሮጊት ማዳም ሠራተኛ ነበረች። እናቴ ነርስ የሆነችው፣ ገና አገር ቤት ሳሉ፣ በእሷ ላብ ነው። ይህን የምትናገረው እናቴ ናት እንጂ አክስቴ አንድም ቀን ስታነሳው አልሰማሁም።

ጓሮው የእኛ ቢሆንም አዛዧ አክስቴ ነበረች። አባቴ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ እስከ አገሯ ፍቼ ድረስ ወጣ ብሎ የዳሊያ አበባ ሥር በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። እሷም እንዳገሯ ልማድ ሰኔ ላይ ተከለችው። ሰኔ፣ አል ዐይን! ሥሩ አፈር ውስጥ እንደ ድንች ተቀቀለ። አባቴ እስከ መስከረም ድረስ ሲስቅባት ከረመ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሥር አስመጥታ ጥቅምት ላይ ተከለችና ጥር ሲገባ ዳሊያዎቹ በቁመት ከእኔ በለጡ። ጓሮው እርጥብ አሸዋና የበግ ፍግ ይሸታል፤ ያን ሽታ ዛሬም ሽቶ ቢሰጡኝ አልለውጠውም።

ዳሊያ ግን ልኩን የማያውቅ አበባ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ራሱ ሳህን የሚያህል። ካልደገፉት ገና ውሃ ሲጠጣ ይዘነበላል። አክስቴ የደረቀ የቴምር ዝንጣፊ ቅጠሉን ገፍፋ መሃሉን እንደ ዘንግ ትተክላለች። እናቴ ያረጀ የሥራ ልብሷን በቀጭኑ ትቀድዳለች። ጨርቁ ዘንጉን ጠበቅ፣ አበባውን ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው። እናቴ ታዲያ ፋሻ የጠቀለለች ይመስል በጨርቁና በግንዱ መካከል ጣቷን አስገብታ ትለካለች። ጣቷ ካልገባ ትፈታዋለች። «እህቴ እኮ አበባውንም አልጋ ልታስይዘው ነው» ትላለች አክስቴ።

አክስቴ ፍቼ ከእናቷ ጋር የተወቻት ልጅ ነበረቻት፣ ሰላም። እኩያዬ ናት። አክስቴ ወደ ዐረብ አገር ስትመጣ ሰላም ገና ዳዴ ትል ነበር። ፈቃድ ወጥታ ልጇን የምታይበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ እገዳው መጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር መሄድን ከልክሎ ነበርና፣ ለዕረፍት የገባች ሠራተኛ ተመልሳ መውጣቷ አያስተማምንም። እኛ ቤተሰቡ እንደልባችን ገብተን እንወጣለን፤ እሷ ግን ከገባች ቀረች ማለት ነው። ሥራዋ ከቀረ ደግሞ የልጇን ትምህርትና የእናቷን ጉሮሮ ማን ይችላል? ስለዚህ ዓርብ በመጣ ቁጥር አባቴ «እትዬ ዘነቡ፣ ትንሽ ታገሺ፣ እገዳው ዛሬ ነገ ይነሳል» ይላታል፤ እሷም ትታገሳለች።

የዚያን ዓመት ዳሊያዎቹ መዘንበል ሲጀምሩ አክስቴ ዘንግ እንዲቆርጥላት አባቴን ለመነችው። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ታዴ» አለችው። እሱ ጋዜጣውን ሳያወርድ «ገና ናቸው፣ ትንሽ ይጠንክሩ» አላት። በሳምንቱ ዓርብ፣ ምሳ በልተን ሳንነሳ፣ ከበረሃው፣ ከስዌይሃን በኩል፣ አሸዋ ያዘለ ነፋስ መጣ። ሲያልፍ ወጥተን ብናይ አንድም የቆመ የለም። ያን ጊዜ አባቴ ቢላዋ ይዞ ወደ ቴምሩ ሮጠ። እናቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ ሳቀችበት፤ እኔም ሳቅኩ።

አክስቴ አልሳቀችም። ተንበርክካ የተሰበረውን ከተረፈው ትለያለች። ሰላምን በስልክ የምታገኝበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር፣ እጇ ጭቃ ነውና እኔ ደውዬ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩላት። ያነሳችው ሰላም ነበረች።

«ሰላምዬ፣ እኔ ነኝ የኔ እናት።»

ሰላም ወደ ቤት ዞራ አያቷን ስትጣራ ሰማናት፦ «እማዬ! ያቺ የዐረብ አገሯ ሴትዮ ናት!»

አክስቴ እንደምንም ደህና መሆናቸውን ጠይቃ፣ ከእናቷ ጋር ተሰነባብታ ስልኩን ዘጋች። አባቴ ከያዛቸው ዘንጎች ጋር እንደቆመ፣ ማጽናናቱ ይሁን ልማዱ፣ «ትንሽ ታገሺ» ብሎ ጀመረ።

«ባለፈው ሳምንት ስለ አበባውም ‹ገና ነው› ብለኸኝ ነበር፣ ታዴ» አለችው።

በቁጣ አልነበረም። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እገዳው አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። የተረፉትን ዳሊያዎች አራታችን ሆነን አሰርን።

አክስቴ መጋቢት ላይ ወደ ልጇ ሄደች። የአምልኮ ጓደኞቿ አበደች አሉ። ማዳሟ አልቅሳ አልቅሳ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሂጂ፣ ልጅ ይበልጣል» ብላ ቲኬቱን ቆረጠችላት። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ ተንከባልዬ ጮህኩ። አይቻት የማላውቃትን ሰላምን የጠላኋትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። እገዳው ከዓመታት በኋላ ተነሳ፤ አክስቴ ግን አልተመለሰችም።

ዛሬ ከአቡ ዳቢ አዲስ አበባ ለእኔ የአንድ ፊልምና የአንድ እንቅልፍ መንገድ ነው። ለመሄድ የፈቃድ ቅጽ መሙላት ብቻ ይበቃኛል፤ ያ ቅለት አንዳንዴ ያሳፍረኛል። ባለፈው የገና በዓል ፍቼ ሄድኩና ከሰላም ጋር በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። ሁለታችንም ትልልቅ ሴቶች ሆነናል።

«እናቴ እዚያ እያለች ምን ታደርግልሽ ነበር?» አለችኝ ድንገት።

ሳላስብ «ዓርብ ዓርብ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር» አልኳት።

ሰላም መሬት መሬቱን አየች። «እኔን የምትሠራኝ አያቴ ነበረች። እማዬ የመጣች ሰሞን ልሥራሽ ስትለኝ ‹አንቺን አላውቅሽም› ብዬ ሸሸሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም።»

ሰላም ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ተከተልኳት። አክስቴ ሽሮ ታማስላለች። ሰላም እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። «እማዬ፣ ሥሪኝ» አለቻት።

አክስቴ ማማሰያውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ቆየች፣ ከደረቀም በኋላ ስትጠርግ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ «ማበጠሪያ አምጪልኝ» አለችኝ።