የሴቶቹ በር

እህት አዲስአለም በውጭ አገር በምትኖርበት ሰፈር፣ በክሬሰንት ታውን፣ የምትታወቀው «ኦፊስ የምታጸዳዋ» ተብላ ነው። ኦፊስ ነው ያለችውም ራሷ ናት። የምታጸዳው ግን መጠጥ ቤት ነበር። ይህ ከጸሎት ቡድኗ ጆሮ ቢደርስ፣ ቀና ብላ ሰው የምታይ አይመስላትም።

ቤቱን ግን ትወደዋለች። የመንገድ ማዕዘን ላይ የቆመ፣ የድሮ ቀይ ጡብ ቤት ነው። ጥጉ ላይ ሹል ባርኔጣ የደፋ የሚመስል ክብ ግንብ አለው። መስኮቶቹ ከላይ ቅስት ናቸው፤ ባለቀለም መስታወታቸው ላይ የወይን ዘለላ ተንዠርግጓል። ኮርኒሱ አበባ የታተመበት ቆርቆሮ ነው። በጎን በኩል ደግሞ «ለሴቶች» የሚል የተቀረጸባት ጠባብ በር አለች፤ ድሮ ሴት በዋናው በር መግባቷ ነውር ነበርና። አዲስአለም የምትገባው የምትወጣው በዚያች ነው። ማን ያያታል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመስኮቱን ወይን ስትወለውል፣ በመስታወቱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ክፍሌ ፊታቸው ሐምራዊ ሆኖ ብቅ አሉ። ከኋላቸው የጸሎት ቡድኑ በሙሉ እጁን ጡቡ ላይ እየጫነ፣ እየጸለየ ቤቱን ይዞራል።

ምእመናኑ የሚከራዩት አዳራሽ ጠፍቶባቸው ተጨንቀው ነበር። ጋሽ ክፍሌ ደግሞ ባለፈው እሁድ «ጌታ ግንብ ያለው ቤት አሳየኝ» ብለዋል።

«ይኸው ግንቡ!» አሉ ከውጭ። «የድሮ ቸርች ነው። ወይኑን አታዩም? የጌታ እራት እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ ሳይን የለውም፤ ፈርስት ቼክ እናድርግ» አለች ወጣቷ ሃሌሉያ። የመጠጥ ቤቱ ስም ያለበት ሰሌዳ ቀለም ሊቀባ ወርዶ ነበር።

«እምነት ቼክ አያደርግም!» ብለው ጋሽ ክፍሌ ዋናውን በር ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ። ከበሩ ኋላ ያለው ደግሞ የጠርሙስ ግድግዳ ነው።

አዲስአለም ተደብቃ ልትቀር አሰበች። ግን ሽማግሌው በመጠጥ ቤቱ ባለቤት ፊት መሳቂያ ሲሆኑ ታያት። መወልወያዋን እንደያዘች በጎኑ በር ወጣች።

«እህት አዲስአለም! አንቺንም መንፈስ መራሽ?»

አዎ ማለት ምንኛ ቀላል ነበር!

«አይ ጋሼ፤ ቀጥረውኝ ነው። መጠጥ ቤት ነው።»

እጆች ሁሉ የጋለ ብረት እንደነኩ ከጡቡ ላይ ተነሡ። እሷ አንገቷን ደፍታ ፍርዷን ጠበቀች። ጋሽ ክፍሌ ግንቡን አንጋጠው አዩ።

«ፎቁ ላይስ ምን አለ?»

«አዳራሽ። እሁድ ጠዋት ባዶ ነው። ድምፅ ያስተጋባል… ስጠርግ እዘምርበታለሁ።»

«አሃ! ለካ አንቺ ቀድመሽን ጀምረሻል!»

ሃሌሉያ ሳቀች። «ግን ጋሼ፣ ሰው በባር በር ሲገቡ ቢያይዎትስ?»

ጋሽ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጠባቧ በር ዞሩ። «ይህቺ ምን ይላል የተጻፈባት?»

«ለሴቶች።»

«ይሻላል» አሉ።

አዳራሹን ተከራዩት። እነሆ ዛሬም እሁድ እሁድ፣ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌዎች ግራ ቀኙን እያዩ በሴቶቹ በር ሹልክ ይላሉ። አዲስአለም ግን ቁልፉ በእጇ ነውና፣ ቀድማ መጥታ በዋናው በር ትገባለች።