በእኔ ስም የተወለደችው

የወንድሜ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ሁለት ቀን አምጣ፣ ሞቶ ተወለደባት። በአገራቸው በአርጆ ጤና ጣቢያ የነበረው ድሬሰር ወንድሜን ወደ ጎን ጠርቶ «ሁለተኛውንም እቤት ትውለድ ካልክ እሷንም ትቀብራለህ፤ ነቀምቴ ሆስፒታል ውሰዳት» አለው። ዓመት ሳይሞላ እንደገና አረገዘች። ወንድሜ የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ ነበር። የሆስፒታሉ ዋጋ፣ ያውም በኦፕራሲዮን ለምትወልድ፣ የእሱን የዓመት ልፋት ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ያለችው አንዲት እህት እኔ ነኝ፤ የመንግሥት ጸሐፊ አግብቼ ነቀምቴ የምኖር። ሚስቱን በጭነት መኪና አሳፍሮ ላከልኝ። «አደራ፣ እንዳትሞትብኝ» ብቻ ነው ያለው።

እኔም ተሯሯጥኩ። ይህን እንኳ ማንም አይነሣኝም። መጀመሪያ የሄድኩት እድራችን ዘንድ ነው። ሊቀመንበሩ ሸዌ ነጋዴ ነበሩ፤ በጥሞና አዳመጡኝና «እመቤቴ፣ እድር እኮ ለሞተ ነው። አያድርገውና ከሞተች ድንኳኑም ወንበሩም የእናንተ ነው» አሉኝ።

«እንዳትሞት ነው የምለምነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሰውየው ምን ያድርጉ፣ ደንቡን እሳቸው አላወጡት።

ቀጥሎ ለድሀ የሚሰጥ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አለ ተባልኩ። ለዚያ ደግሞ የአገራቸው ጭቃ ሹም ድህነታቸውን መመስከር ነበረበት። ጭቃ ሹሙ «በሬ ያለው ሰው ምኑ ድሀ ነው?» ብሎ እምቢ አለ። ወንድሜ ያለው አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ማን ያርሳል? ሁለተኛውን ከጎረቤት እየተዋሰ ነበር የሚጠምደው። ይህን ለጭቃ ሹሙ ማን ይንገረው።

የቀረው የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ነበር። ለሠራተኛውና ለሚስቱ የሕክምና ደብዳቤ ይሰጣል፣ ወሊድም ጭምር። እኔ አራት ዓመት በትዳር ኖሬ አልወለድኩም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «በእኔ ስም ትውለድ» አልኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ማኅተም እኮ ነው! የመንግሥት ማኅተም! ልታሳስሪኝ ነው?»

«እሺ፣ ስትሞት ማኅተሙን ደረቷ ላይ ታደርግላታለህ» አልኩት።

ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለና ወጣ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ስሜን ስትጠራ «አቤት!» ብዬ ብድግ አልኩ። ለካ መነሣት ያለባት የወንድሜ ሚስት ናት። ነርሷ የእኔን ሆድ አየች፣ የእሷን አየች። «አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለችኝ። «ለእሷ ደንግጬ ነው» አልኩ። ነርሷ ሳቀች። የወንድሜ ሚስት በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። ያን ቀን ያለቀስኩት የደስታ ለቅሶ እውነተኛ ነበር። የልደት ወረቀቱ ላይ ግን እናት በሚለው ቦታ የእኔ ስም፣ አባት በሚለው የባለቤቴ ስም ተጻፈ።

ደብዳቤው ያለፈው በባለቤቴ አለቃ እጅ ነውና መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ወሬውን ሰማ። ከሆስፒታል በወጣን በሦስተኛው ቀን የሠራተኞቹ ሚስቶች አራስ ጥየቃ መጡ። አራሷ እኔ ነኝ! ባኬ ጃማ ወደሚባለው ሰፈር ከሌላ ሰፈር ገና መግባታችን ስለነበር ሆዴን የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረኝም። እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ አልጋዬ ላይ ወጥቼ ተከናነብኩና ሕፃኗን ታቀፍኩ። የወንድሜ ሚስት፣ ስፌቷ እንኳ በወጉ ያልደረቀው፣ ሻሿን አስራ እጅ አስታጠበች፣ ገንፎ አቀረበች።

«ይቺ ሠራተኛሽ ምነው ጎበጠች?» አለች አንዷ።

«ወገቧን ያማታል» አልኩ።

ሕፃኗ ስታለቅስ የእናትየው ጡት ቀሚሷን አራሰው። ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን እዚያ አልጋ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ፣ አራት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነውና፣ ከልቤ አሜን አልኩ።

እናትየው እስክትጠና እኛው ቤት እያጠባቻት ቆየች። ልጅቷ ዓመት ሊሞላት ሲል አዝመራ ደረሰና ወንድሜ ሚስቱን አስጠራ። ልጅቷ ያስላት ነበር። «ወረቀቷ በእኛ ስም ስለሆነ እዚህ በነፃ ትታከማለች። ሲሻላት ትወስጃታለሽ» አልኳት። አመነችኝ። ልጅቷ በወሩ ተሻላት፤ እኔ ግን ገና ነው እያልኩ መልእክት መላኬን ቀጠልኩ። እናትየው በገበያ ቀን እየመጣች ታያት ነበር። ልጅቷ እኔን «እማዬ»፣ እሷን «አዳዳ» ማለት ለመደች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት። እውነተኛዋ አዳዳ እኔ ነበርኩ፤ አላረምኳትም።

ሦስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ልትወስዳት መጣች። «ሌላ ልጅ የለኝ እቴቴ፣ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ አትወልጂም ብለውኛል» አለችኝ። ያኔ ያደረግኩት ነው እስከ ዛሬ የሚበላኝ። ወረቀቱን ከሳጥን አወጣሁና ማኅተሙን በጣቴ እየጠቆምኩ «ነገሩ ከወጣ ባለቤቴ ይታሰራል፤ በሰው ስም የታከምሽው አንቺም ትታሰሪያለሽ» አልኳት። ውሸት ላይሆን ይችላል። እኔ ግን የተናገርኩት ለእስሩ ፈርቼ አልነበረም፤ ልጅቷን ላለመስጠት ነው። እሷ ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን አየችው፣ ልጅቷን ሳመቻት፣ ሄደች።

ልጅቷ ስድስት ዓመት በሞላት በአንድ እሑድ፣ ከጸሎት መልስ፣ አምስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደጃችን መጡ። ከኋላቸው ወንድሜ ቅቤ ይዞ አንገቱን ደፍቷል፣ ሚስቱ ነጭ ለብሳ እርጥብ ሣር ይዛለች። በእኛ አገር የሰው ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ የሚፈልግ እንዲህ ነው የሚጠይቀው፤ በሽማግሌ፣ ሣር ይዞ። እኔ ይህን ወግ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልጅቷን ከፈለግኩ ሣሩን ይዤ አርጆ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ምንም አያውቁም። «እነዚህ ሰዎች አንዱን ልጅ አፈር በላባቸው፣ ሌላ አልሰጣቸውም። እናንተ ገና ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ። ይህቺን ልጃችሁን በጉዲፈቻ ስጧቸው ብለን መጣን» አሉ።

ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የወንድሜ ሚስት ሣሩን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ባሏን፣ ባሌን፣ ሁላችንንም ከእስር አድና ልጇን የምታገኝበትን መንገድ ሦስት ዓመት ስታስብ ኖራለች ማለት ነው።

«ልጅሽን ስጪኝ፣ እቴቴ» አለችኝ፤ «እንደ ወለድኳት አድርጌ አሳድጋታለሁ።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። «ልጅሽ ናት፣ ውሰጃት» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን ሣሩን ተቀበልኩና «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አልኩ። ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። ሽማግሌዎቹ ለደግነቴ አለቀሱ።

ልጅቷ በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አዳዳ፣ መቼ ነው የምንመለሰው?» አለቻት።

«እናትሽን ጠይቂያት» አለቻት፣ ወደ እኔ እያየች።

እዚህ ከተማ ለማያውቀኝ ሰው ሲያስተዋውቁኝ እስከ ዛሬ «የአብራኳን ክፋይ ለወንድሟ ሚስት የሰጠች» ይሉኛል። ከዚያ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ።