ከእጃቸው የጠፋው ሶሎ

ይህ የሆነው ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከካዛንቺስ ወደ ጎተራ በገባን ዓመት ነው። በሕይወቴ ብዙ የምኮራበት ነገር የለኝም። ይህን ግን ሰው ቢሰለችም አወራዋለሁ።

ወጣት ሳለሁ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሮክ የሚጫወት ባንድ ነበር። ጊታሪስቱ ጋሽ ወንዴ አንድም አልበም አላወጡም። ስለዚህ ትንሽ ቴፕ በቦርሳዬ ይዤ እገባና ጠረጴዛ ስር አድርጌ እቀዳቸው ነበር። እንደኔ የሚቀዱ ሌሎችም ስለነበሩ ካሴት እንለዋወጣለን። በኋላ ባንዱ ተበተነ፤ ጋሽ ወንዴም የጭነት መኪና ሹፌር ሆኑ ሲባል ሰማሁ።

ቤት ስንቀይር ባለቤቴ ካሴቶቹ ያሉበትን ካርቶን አይቶ፣ "ይሄ እንኳን ይቅር፤ ግማሹ የብርጭቆ ድምፅ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ዕቃው በአይሱዙ ሲሄድ እኔ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ሄድኩ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ወንዴ ጊታራቸውን ይዘው ቆመዋል። ሸብተዋል። ደረጃው አድክሟቸው ያለከልካሉ።

"የእኔን ካሴት የምትሰበስቢው አንቺ ነሽ?"

ቤቴን ያሳያቸው ኡራኤል ካሴት የሚሸጥ ወዳጄ ነው። የድሮ የባንዱ ጓደኞቻቸው ለአንድ ቀን ተሰባስበው ሊጫወቱ ነው። አንድ እሁድ በጊታር ብቻቸውን የተጫወቱት፣ በእኛ ካሴት የተዛመተና ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ረጅም ሶሎ አለ። እሱ ጠፍቶባቸዋል።

"ወር ሙሉ ሞከርኩት" አሉኝ። "ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ግን እሱ አይደለም። በቃ፣ እጄ ረስቶታል። ካልመጣልኝ እቀራለሁ።"

የዚያን እሁድ ካሴት ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሶሎው መሀል ላይ "ጧ" የምትል ቀጭን ድምፅ አለች። እኔ ሁልጊዜ ብርጭቆ የተሰበረ ይመስለኝ ነበር። እሷ ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

"መልሺው እስቲ።"

መለስኩት።

"የጊታሩ ክር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ቀጭኗ ክር ተበጥሳብኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን በቀሩት ክሮች ነው የጨረስኩት። ረስቼዋለሁ እኮ። በሙሉ ክር ስፈልገው ከየት ይምጣ?"

ጊታሩን አውጥተው ቀጭኗን ክር ፈቱ። መጀመሪያ ጣቶቻቸው ተደነባበሩ። ካሴቱን እየመለስን፣ እሳቸውም እየተከተሉ ደጋገሙት። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ መጥቶ ቴፑን የሚመልሰው እሱ ሆነ። ምሳ ሳንበላ ያ ሶሎ ሳሎናችን ውስጥ ተሰማ። ጋሽ ወንዴ እጃቸውን እያዩ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው እንባቸውን ጠረጉ።

በዝግጅቱ ቀን ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ጋሽ ወንዴ መድረክ ላይ ቁጭ ብለው ክሯን ሲፈቱ ሰው ግራ ተጋባ። ሲጨርሱ ግን አዳራሹ ሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ማይኩን ያዙና፣ "ይሄን ያስጠናችኝ እዚያ ጋ ያለችው እህቴ ናት" ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

እኔ ጊታር መያዝ እንኳ አላውቅም። ስለዚያ ሶሎ ሲወራ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። "የቀዳሁት እኔ ነኝ" እላለሁ። አንዳንዱ አያምነኝም። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።